ኃጢአት ወይስ ኑፋቄ? ስለ ጥቍሮች ነገረ መለኮት

የዘር ልዩነት በደል መሆኑን ለማወቅ ነገረ መለኮት መማር አያሻም፤ ሕሊና ይበቃል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፣ ክርስቲያን ነኝ እያለ ሰውን በቀለሙ የሚለይ፣ ሥራው ኃጢአት ብቻ ነው ወይስ ኑፋቄ? ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ኃጢአተኛ ይመከራል፣ ንስሐው ይጠበቃል፤ መናፍቅ ግን ከማኅበሩ ይለያል።

ወደ ደቡብ አፍሪቃ እንሂድ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኬፕ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1829 ቅዱስ ቍርባን ያለ ቀለም ልዩነት ለሁሉም በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በ1857 ግን፣ አንድነቱ መጽሐፋዊ መሆኑን ሳይክድ፣ ስለ አንዳንዶች ድካም ሲባል ነጭ ያልሆኑት ለብቻቸው እንዲያመልኩ ፈቀደ። ደካሞች የተባሉት ነጮቹ መሆናቸውን ልብ በሉ! ጳውሎስ ደካማውን እንድንታገሥ ያስተማረው ስለ መብል ነበር፤ እዚህ ግን ታገሥ የተባለው ከማዕዱ የተገፋው ሆነ። በ1881 ለክልሶች የተለየች የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ቆመች። በ1948 ሥልጣን የያዘው ብሔራዊ ፓርቲ አፓርታይድን ሕግ ሲያደርገው አርአያ አላጣም።

ተቃውሞውም ጥንታዊ ነው። ቄስ ማንጌና ሞኮኔ በ1892 ከሜቶዲስቶች ወጥተው በፕሪቶሪያ ያቋቋሙትን ማኅበር «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሉት፤ ስሙን ያገኙት ከመዝሙረ ዳዊት ነው። (ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?)

በአሜሪካ ጄምስ ኮን በ1969 የጀመረው የጥቍሮች ነገረ መለኮት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ ሲደርስ፣ በደስታ ከተቀበሉት መካከል ተማሪዎች ነበሩ፤ በ1977 በፖሊስ እጅ እስረኛ ሳለ የሞተው ስቲቭ ቢኮም አንዱ ነበር። ትምህርቱ እግዚአብሔር ከተገፋው ጋር ይቆማል፤ ጥቍር ራሱን ቢንቅ የፈጣሪውን መልክ ናቀ ይላል። «ስሙ ራሱ ዘር መለየት አይደለምን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን የቀድሞውም ትምህርት ቀለም ነበረው፤ ልዩነቱ ቀለሙን አለመናገሩ ነው።

የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ1982 በካናዳ፣ በኦታዋ ተሰብስቦ፣ ለአፓርታይድ የሚሰጠውን ሃይማኖታዊ ምክንያት ኑፋቄ ነው ብሎ ፈረደ፤ ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናትንም ከአባልነት አገደ። በ1881 ተለይታ የቆመችው ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አረቀቀች፣ በ1986ም አጸደቀችው። ከፍርዱ አስቀድሞ ግን፣ በኦታዋው ጉባኤ መክፈቻ ማዕዱ ሲቀርብ፣ ከደቡብ አፍሪቃ የመጡት ጥቍሮችና ክልሶች ልዑካን፣ በአገራችን አብረውን ከማይቆርቡ ሰዎች ጋር እዚህ አንቆርብም ብለው በቦታቸው ቀሩ።