ሰው የነከሰ ውሻ የ10 ቀን ክትትልና የሰፈር የእንስሳት ክሊኒክ ድርሻ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ሰው የነከሰ ውሻ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ይገደላል፤ ይህ ግን ዋናውን ማስረጃ ያጠፋል። ቫይረሱ በውሻና በድመት ምራቅ ውስጥ መገኘት የሚጀምረው የሕመሙ ምልክት ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ስለሆነም የነከሰው እንስሳ በክሊኒኩ ተለይቶ 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ በንክሻው ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ምልክት ካሳየ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ጭንቅላቱ ከተቀጠቀጠ ግን ምርመራው ይሰናከላል። ክትትሉ የተነካሹን ሕክምና አያዘገይም፤ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ክትባቱም ወዲያው ይጀመራል። እንስሳው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ክትባቱ ሊቋረጥ ይችላል። ከዚህ አንጻር የሰፈር የእንስሳት ክሊኒክ ማቆያ ክፍል የሰው ጤና አገልግሎትም አካል ነው።