የቀዝቃዛው ባሕር ሽሪምፕ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ሽሪምፕ የሸርጣን ዘመድ የሆነ፥ ገላው በስስ ቅርፊት የተሸፈነ ባለ ዐሥር እግር የውሃ እንስሳ ነው። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው በግሪንላንድ፥ በአይስላንድ፥ በኖርዌይና በካናዳ አጠገብ በጥልቅ ባሕር የሚኖረውን ነው። በ1838 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዴንማርኩ ሊቅ ሄንሪክ ክሮየር ፓንዳሉስ ቦሬያሊስ ሲል ሰየመው፤ ሁለተኛውም ቃል «ሰሜናዊ» ማለት ነው።

ይህ ፍጥረት ሕይወቱን በወንድነት ይጀምርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ስለዚህ ትልልቆቹን ያለ ልክ ማጥመድ እናቶቹን መጨረስ ይሆናል።

ለሰው የሚሰጠው ጥቅም ከምግብነት ያልፋል። ሥጋው ገንቢና ስቡ ጥቂት ነው። ከቅርፊቱ የሚወጣው ካይቶሳን የተባለ ንጥረ ነገር የደም ሕዋሳትን አጣብቆ መድማትን ስለሚያቆም ለቍስል ማሸጊያ ይውላል። ከሰውነቱ የሚገኝ አንድ ኤንዛይም ደግሞ በላቦራቶሪ ለዘር ምርመራ ሥራ ያገለግላል፤ ቅዝቃዜ የለመደ በመሆኑ ሥራው ሲያበቃ በመጠነኛ ሙቀት ይከሽፋልና ነው።

ነገር ግን ይኸው የቅዝቃዜ ልማድ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በላዩ የሚገኙት ተሕዋስያንም ብርድ የለመዱ ስለሆኑ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ መራባታቸውን አያቆሙም። አጥማጆቹ ብዙውን ጊዜ ገና በመርከብ ላይ ሳሉ ቀቅለው ወይም አቀዝቅዘው የሚያኖሩት ስለዚህ ነው። በረዶ ሆኖ የተገዛውን ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ማቆየት፥ ሲፈለግም በገበታ ላይ ሳይሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሟሟት ይገባል። ማቀዝቀዣ ብልሽትን ያዘገያል እንጂ አያጠፋም፤ ይህም ለጣናና ለዝዋይ ዓሣ ጭምር የሚሠራ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አለርጂ ነው። የሽሪምፕ ሥጋ ትሮፖማዮሲን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህንም መቀቀል አያጠፋውም። ሰውነቱ የማይቀበለው ሰው ከበላ በኋላ ቆዳው ያሳክከዋል፥ ከንፈሩና ጕሮሮው ያብጣል፥ ትንፋሹም ሊያጥረው ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ «ይለፍለታል» ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ የደቂቃዎች መዘግየት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላልና። ከዳነም በኋላ «ጥቂት ብቻ» ብሎ እንደገና መቅመስ አይገባውም።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ወላጆችም ለቤተሰባቸው ይህን እንዲያስረዱ አደራ እንላለን። የምግብ ጥቅሙ የሚገኘው ጠባዩን ዐውቆ በንጽሕና ሲይዙት ነው።