ማዕዳችንና ኅሊናችን

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሰባት ኃጢአቶች ሲዘረዘሩ ሆዳምነትም ይጠራል፤ ዳሩ ግን አስተማሪውም ተማሪውም ፈገግ ብለው ያልፉታል። ምናልባት ረኀብ በሚታወቅበት አገር ስለ ጥጋብ ማስተማር ቅንጦት መስሎ ይታየን ይሆናል። የሚበላውን ያጣ ወንድማችን የሚመርጠው ስለሌለው ይህ ትምህርት እርሱን አይመለከትም፤ የሚመለከተው መምረጥ የምንችለውን ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ጉዳይ «አትግደል» በሚለው ትእዛዝ ሥር አኑሮታል። ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ቁጥር 2288 ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር በአደራ የተቀበልናቸው ስጦታዎች መሆናቸውን ያስተምራል፤ ቁጥር 2290 በምግብ፣ በአልኮል፣ በትምባሆና በመድኃኒት ከልክ ማለፍን ይከለክላል። በመካከል ያለው ቁጥር 2289 ግን ሰውነትን እንደ ጣዖት ማምለክንም ይነቅፋል። እንግዲህ ነገሩ የቁመና ማማር ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ነው።

በ604 እ.ኤ.አ. ያረፈው ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ሆዳምነት በአምስት መንገድ እንደሚፈትነን ጽፏል፤ ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም ትምህርቱን ተቀብሎ አብራርቶታል። ከሰዓቱ አስቀድሞ መብላት፣ ውድ የሆነውን ብቻ መሻት፣ በአሠራሩ መራቀቅ፣ ከመጠን በላይ መብላትና መስገብገብ ናቸው። ብዛት ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። ሥጋና ቅቤ የሌለበት የጾም ገበታም በዘይት ተጥለቅልቆ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ አባወራው ደግሞ ሳይቀምስ ጨው ያስመጣል። ኋላ ደም ግፊት ሲገኝበት ወጥ ሠሪዋን ሊወቅስ አይገባውም። በ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥም 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ለእንግዳ ክብር ብለን የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

ባህላችን እዚህ ላይ ይፈተናል። «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ!» ማለት የፍቅር ቃል ነው። ሆኖም እንግዳው የስኳር ሕመም እንዳለበት እያወቁ ማስጨነቅ ከፍቅር አይቈጠርም። እንግዳውም ይሉኝታን አሸንፎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይበቃኛል» ማለትን ይልመድ። ዳንኤል ምርኮኛ ሆኖ ሳለ የንጉሥ ማዕድ ቀርቦለት ጥራጥሬና ውኃ ለመነ (ዳን. 1)። ምክንያቱ ሕጉን መጠበቅ እንጂ ጤና አልነበረም፤ ቢሆንም በሰው ቤት ተቀምጦ በትሕትና እንቢ ማለት እንደሚቻል አሳይቷል።

ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች አንድ ነገር በተለይ አሳስባለሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ምእመን እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ ሳይበላ ቢቈይ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጾም ሲጠይቃችሁ በመንፈሳዊ ቅናት «በርታ» ብላችሁ አትሸኙት፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፣ ከዚያም በጾሙ ፋንታ የሚያቀርበውን ጸሎትና ምጽዋት ከቆሞሱ ጋር ይወስን።