የከባድ መኪና ጉልበትና የሚደክምበት ቦታ
(በፑኝዶ መስመር ለሚሠሩ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

ለተቸገረ ወገን የተመደበ እህል ከመጋዘን ወጣ ማለት ከተረጂው እጅ ገባ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል መንገድ አለ። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ተነስተው በጋምቤላ ለሠፈሩት ወገኖችም ሆነ ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ወደ ፑኝዶ ለተሰደዱት ስንቃቸው የደረሰው ይህንኑ መንገድ አልፎ ነው። በመሆኑም የእርዳታ ሠራተኛ መካኒክ እንዲሆን ባይጠበቅበትም፣ መኪና በመንገድ የሚቀርበትን ምክንያት ማወቅ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል አድርጎ ጊሎ ወንዝ አጠገብ እስካለችው ፑኝዶ ድረስ ደግሞ ሌላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። የሜዳው አፈር በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በዝናብ ወራት የሚያጣብቅ መረሬ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መፍትሔ «ጉልበት ያለው መኪና ይላክ» የሚል ነው። አስተሳሰቡ ግማሽ እውነት ብቻ አለው።

ሀ. ጉልበቱ የሚሄድበት መንገድ

የሞተር ኃይል ጎማ ላይ የሚደርሰው በቅብብሎሽ ነው። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግና በመጋጠሚያዎቹ በኩል ወደ ዲፈረንሻል፣ ከዚያም በግራና በቀኝ በሚወጡት የአክስል ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይተላለፋል። በካምቢዮው ዝቅተኛ ማርሽና በዲፈረንሻሉ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ያድጋል። ለምሳሌ አንደኛ ማርሽ ኃይሉን 7 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 5 ጊዜ የሚያባዙት ቢሆን፣ ወደ አክስል ዘንጎቹ የሚደርሰው ሞተሩ ከሰጠው 35 እጥፍ ይሆናል። ገመድ ከሳሳበት እንደሚበጠስ ሁሉ ይህ ቅብብሎሽም የሚቋረጠው ከደካማው ክፍል ላይ ነው። የሞተሩ መበርታት ደካማውን ክፍል አያበረታውም፤ ይልቁንም ይፈትነዋል።

ለ. ስብራት የሚደርስበት ጊዜ

ጎማ በጭቃ ውስጥ በባዶ ሲሽከረከር ዘንጉ ብዙም አይጨነቅም፤ ጭቃው የሚይዝበት ኃይል የለውምና። አደጋው የሚመጣው በፍጥነት የሚሽከረከረው ጎማ ድንገት ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲያገኝ ነው። ጎማው ቀጥ ይላል፤ ሞተሩና ዘንጎቹ ግን በግለታቸው ለመዞር ይታገላሉ። በዚያች ቅጽበት የዘንግ መጋጠሚያ ይሰበራል፤ የአክስል ዘንግ ይጠመዘዛል፤ ወይም የዲፈረንሻል ጥርስ ይረግፋል። የዲፈረንሻል መቆለፊያ በተያዘ ጊዜ ደግሞ ኃይሉ ለሁለት መካፈሉ ቀርቶ አብዛኛው መሬት በያዘው ጎማ ዘንግ ላይ ብቻ ሊያርፍ ይችላል። ወደ ኋላ በኃይል መጎተትም ጥርሶቹን በደካማ ገጻቸው እንዲሸከሙ ስለሚያደርግ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

መቆለፊያውን ደረቅ መሬት ላይ ከደረሱ በኋላ አለመፍታትም ጎጂ ነው። በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መዞር ሲገባው ይታገዳል፤ ጭንቀቱም በዘንጎቹ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሐ. የቀድሞውና የአሁኑ መኪና

ሶቪየት ሠራሹ ዚል 131 150፣ ኡራል 4320 ደግሞ 210 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው ሲኖትራኮች መካከል 371 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በዚልና በኡራል ሦስቱም አክስሎች ጎማ አዙረው ይገፋሉ። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ባለ ሦስት አክስል ሲኖትራኮች ግን የሚገፉት በኋለኞቹ ሁለት ብቻ ነው። ዘንጎቻቸው ወፍራም ቢሆኑም፣ ለጠንካራ መንገድ የታሰበ ሙሉ ጭነት ይዘው መረሬ ሲገቡ የፊት እግራቸው ይሰምጣል እንጂ አይስብም። ከሁሉም የሚያስተምረን የዚል 131 የጭነት ልክ ነው። አምራቹ በአስፋልት 50 ኩንታል ሲፈቅድለት፣ ከመንገድ ውጭ የፈቀደለት 35 ኩንታል ብቻ ነበር። ለአስቸጋሪ መሬት ተብሎ የተሠራ መኪና እንኳ ጭነቱ ከተቀነሰለት፣ ለሌላው ምን ያህል ሊታሰብ እንደሚገባ ግልጽ ነው።

መ. ውሃ

ረጅም መንገድ የተጓዘ ዲፈረንሻል የጋለ ነው። እንደጋለ ጅረት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ በመተንፈሻውና ባረጁ ማኅተሞች በኩልም ውሃ ይስባል። ከውሃ የተቀላቀለ ዘይት ወተት ይመስላል፤ ጥርስና ኩሽኔታ የመጠበቅ ኃይሉም ይዳከማል። መኪናው በዚያው ዕለት አይቆምም፤ የሚቆመው ከሳምንታት በኋላ፣ ምናልባትም መለዋወጫ ከማይገኝበት ቦታ ላይ ነው።

ሠ. ከኃላፊው የሚጠበቀው

ሾፌሩ መሪ ይይዛል፤ የጭነቱን መጠንና የመነሻውን ቀን የሚወስነው ግን ኃላፊው ነው። ስለዚህ፦

1. የዝናብ ወራት ስንቅ አብዛኛው ዝናቡ ሳይገባ ፑኝዶ ይከማች።
2. መንገዱ ሲረጥብ ጭነት ይቀነስ፤ መኪኖችም ለየብቻ ሳይሆን በቡድን ይላኩ።
3. የተያዘ መኪና ጎማው ከመሽከርከሩ በፊት አካፋና ሳንቃ ይቅደም።
4. ውሃ ያቋረጠ መኪና የዲፈረንሻል ዘይቱ ይታይ።
5. የዘንግ መጋጠሚያና የአክስል ዘንግ መለዋወጫ አስቀድሞ ጋምቤላ ይቀመጥ።

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብለን ብናሰላ፣ 200 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና ከ1,300 በላይ ሰዎችን የወር ቀለብ ይዟል። አንድ መጋጠሚያ ሲሰበር የሚዘገየው ይህ ሁሉ ነው። አንዱን ጉዞ ለማትረፍ ተብሎ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ሜዳ ላይ ሲቀር፣ እህሉ ወርዶ በሌላ መኪና እንደገና ይጫናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ በትክክል ይደርሳል።