ኮከብን ሳይስቱ ስለ መከተል

እኛ የሳይንስ ክበብ ልጆች በአንድ ሌሊት በትንሽ ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ አስረን በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለውን ደመና ፎቶግራፍ አነሣን። በሥዕሉ ላይ ግን ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ጭረት ተስበው ተገኙ። ጥፋቱን በመነጽሩ ላይ ጥለን አዲስ እንዲገዛልን ወላጆቻችንን ልንጠይቅ ተሰናድተን ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የአተካከላችን ሆነ።

ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ አንድ ጊዜ በዛቢያዋ ላይ ስለምትዞር፥ ከዋክብት ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ይመስሉናል። በ2 ደቂቃም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ይጓዛሉ። ሞተሩ ቴሌስኮፑን በዚሁ ፍጥነት ያዞረዋል፤ ነገር ግን የቴሌስኮፑ ዛቢያ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ካልሆነ ኮከቡ ቀስ በቀስ ያመልጣል።

አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከፍታው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በእንጦጦ ጋራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለና በራስ አናት በኩል የሚያልፍ ኮከብ ይመረጣል። ሞተሩ እየሠራ ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሸሸ፥ ዛቢያው ወደ ምሥራቅ አዘንብሏልና ወደ ምዕራብ ይመለስ። ወደ ሰሜን ከሸሸ ተቃራኒው ይደረግ። ቀጥሎም በምሥራቅ ያለ ኮከብ ይታይ፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዛቢያው ዝቅ ብሏልና ከፍ ይደረግ፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ዝቅ ይደረግ። ሰሜንና ደቡብን ለመለየት ቴሌስኮፑን በጥቂቱ ወደ ሰሜን መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ኮከቡ የሚሸሽበት አቅጣጫ ደቡብ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ሌላ ስሕተት ይቀራል። ሞተሩ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብረት ፍጹም ስላልሆነ፥ ኮከቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዋልላል። ጥርሳሙ መዘውር 180 ጥርስ ካለው ይህ መዋለል በየ8 ደቂቃው ይደጋገማል። ይህንንም በሁለተኛ ትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ እየጠበቁ ማረም ይቻላል።

ሄንሪ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ በ1880 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደመና ወደ 50 ደቂቃ ያህል ተከታትሎ ፎቶግራፍ አንሥቶታል። እኛም ዛቢያውን ካስተካከልን በኋላ በዚያው በአሮጌው መነጽር ከዋክብቱን ክብ አድርገን አነሣናቸው። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት አተካከሉን እንመርምር።