የመንጋ ውሻ በዓመት ስንት ያስወጣል?

የመኖ፣ የመጓጓዣና የቀረጥ ወጪ በየነጋዴው ደብተር ላይ አለ። ዛሬ የምናሰላው ግን በደብተር ላይ ተጽፎ አይቼው የማላውቀውን ወጪ ነው፤ ከመንጋው ጋር ከመተማ ተነሥቶ፣ ጋላባትን ተሻግሮ፣ በዶካና በገዳሪፍ አልፎ ፋው ድረስ የሚዘልቀውን ውሻ።

ከጦርነቱ በፊት በአንድ የበጋ ወቅት ፋው አጠገብ ባለ ዘሪባ ውስጥ አንድ የማውቃቸው ነጋዴ የታመመ በሬ አሳዩኝ። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ውሃ መዋጥ አቅቶታል፣ በጎረነነ ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮሃል። «እሾህ ተሰንቅሮበት ይሆናል ብለን ልጁ እጁን አስገብቶ ጉሮሮውን ፈትሾታል» አሉኝ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ውሻ ነክሶት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የራሳችን ውሻ ነው። ዶካ ላይ ጠባዩ ተለወጠ፤ ሁለት በሬ ነክሶ ጠፋ። ሁለት ወር ይሆነዋል» አሉ።

በሬው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ምልክቱ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። እጁን ያስገባው እረኛና አብረውት በሬውን የያዙ ሁለት ሰዎች ለክትባት ገዳሪፍ ተመላለሱ። ሁለተኛው የተነከሰ በሬ ተለይቶ ታሰረ። ሌላው መንጋ ገዢ አጥቶ ለሳምንታት የተገዛ መኖ በላ። ሰዎቹ በጊዜ ስለደረሱ ተርፈዋል። እኒያ ነጋዴ ቀድሞ «ዶክተር፣ ውሻ ደግሞ ምን ሒሳብ አለው? ትርፍራፊ ይበላል፣ ሌሊት ይጮሃል» ይሉኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ውሻቸውን በደብተራቸው ጻፉት። እንዴት እንደጻፉት እንይ።

አንደኛ፦ መለኪያችሁን ምረጡ

በብርና በሱዳን ፓውንድ ብቻ የተሠራ በጀት ቶሎ ያረጃል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ምግቡን በማሽላ ኩንታል፣ ጠቅላላውን ወጪ በበግ ቁጠሩ። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም የዘንድሮን ከአምናው ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ ምግብ

20 ኪሎ የሚመዝን ሥራ ላይ ያለ ውሻ ሆዱን በእህል ብቻ ቢሞላ በቀን ወደ 400 ግራም የማሽላ ዱቄት ይፈልጋል፤ ገንፎም ሆነ ኪስራ ተደርጎ ቢሰጠው። ይህ በዓመት 146 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ነው። ማሽላ ብቻውን አይበቃውም፤ ሥጋ ነክ ነገር ሲጨመርለት እህሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። «ትርፍራፊ ይበቃዋል» የምንለው ውሻ ሌሊት ሌላ ሰው ደጃፍ ምግብ ፍለጋ ይሄዳል። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ እናንተ ካላበላችሁት የእናንተን በግ አይጠብቅም።

ሦስተኛ፦ ጤና

ይህ ከምግብ ወጪው እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለቡችላ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የመከላከል አቅም ለመገንባት ጊዜ ስለሚፈልግ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ አስከትቡ፤ በመነሻው ዋዜማ አይሁን። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በመተማና በገዳሪፍ ሙቀት በኪስ ወይም በተራ ከረጢት የመጣ ክትባት ገንዘብ ማባከን ነውና ከማቀዝቀዣ ወይም ከበረዶ ሳጥን ሲወጣ ካላያችሁ አትቀበሉ። የውሻው ቀለም፣ የተከተበበት ቀንና የክትባቱ መለያ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ከመንጋው ወረቀት ጋር ያዙ።

ሁለተኛው የትል መድኃኒት ነው። ስትበልቱ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ አግኝታችሁ ለውሻ ወርውራችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የአንድ ጥቃቅን ትል ጮርቃ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ግጦሹንና ውሃውን ይበክላል፤ በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ይበሉታል። ሰውም ይይዘዋል። በኢትዮጵያ ቄራዎች ጉበትና ሳንባ ከሚጣልባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በጎችን አንገታቸውን አጣምሞ የሚያዞረው አዙሪትም ከውሻ ትል የሚመጣ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለውሻው «በነፃ» የሰጣችሁት ጉበት ዞሮ ከራሳችሁ መንጋ ላይ ይከፈላል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ለ10 ኪሎ ክብደት 50 ሚሊግራም፣ በየስድስት ሳምንቱ፣ በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ። ከተሰጠው በኋላ ለሁለት ቀን ውሻውን አስራችሁ ኩሱን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ጉበትና ሳንባ መስጠት ግድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉ፤ ካልቀቀላችሁ ቅበሩት።

አራተኛ፦ ዕቃና መጠባበቂያ

ሰንሰለት፣ የአንገት ማሰሪያና የውሃ ዕቃ ያስፈልጉታል። ሰንሰለቱን አትናቁት፤ የሱዳን ደንበኞቻችሁ ለጥበቃና ለእረኝነት የሚያዝ ውሻን አይቃወሙም፤ ግን ውሻው ዕቃቸውንና የጸሎት ስፍራቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። የታሰረ ውሻ ጠብ አያመጣም። ለመጠባበቂያ ደግሞ የበግ ሩብ ዋጋ ያህል ለብቻ አስቀምጡ፤ ለመዥገር፣ ለቁስል ወይም ለነከሰው ሰው ሕክምና።

አምስተኛ፦ ድምሩ

የሚከተለው ዋጋ ለስሌት ትምህርት ብቻ የወሰድሁት ነው፤ በእናንተ ገበያ ዋጋ ተኩት። ማሽላ በኩንታል 4,000 ብር፣ አንድ በግ 8,000 ብር ነው እንበል።

ምግብ፣ አንድ ኩንታል ተኩል፦ 6,000 ብር
ክትባትና የማስከተቢያ ጉዞ፦ 600 ብር
የትል መድኃኒት ስምንት ጊዜ፦ 800 ብር
ዕቃ፦ 600 ብር
መጠባበቂያ፦ 2,000 ብር
ጠቅላላ፦ 10,000 ብር፣ ማለትም አንድ በግ ከሩብ

ስለዚህ ይህ ውሻ ወጪውን የሚመልሰው በዓመት ውስጥ ሁለት በግ ከጅብ ወይም ከሌባ ካዳነ ነው፤ ትንሽም ይተርፋችኋል። ክትባቱና የትል መድኃኒቱ አንድ ላይ 1,400 ብር ናቸው፤ የአንድ በግ አምስተኛ እንኳ አይሞሉም። «ወጪ ልቀንስ» ብሎ እነሱን የሚሰርዝ ነጋዴ ትንሿን ቆጥቦ በሬ ይከፍላል። በዚህ ስሌት ሦስት ውሻ የሚያስከትል ሰው አራት በግ ሊጠጋ ያወጣል። ሦስቱንም ማስከተብ ካቃተው አንድ የተከተበ ውሻ ይሻለዋል።

ከሒሳብ በላይ የሆነው

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ከተነከሰ፣ ወይም የተጠረጠረ እንስሳ ለሃጭ ቁስሉን ከነካው፣ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ስለሚሰጥ «ደህና ነኝ» ብሎ መሐል ላይ አይቋረጥ። በሬ ለሃጩ ሲዝረከረክ እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ፤ መጀመሪያ «ውሻ ነክሶት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የተነከሰውን እንስሳ የእንስሳት ሐኪም፣ ሱዳኖቹ በይጠሪ የሚሉት፣ ሳያየው አትሽጡ፣ አትረዱ።

የቤት ሥራችሁ አጭር ነው። ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት በደብተራችሁ አንድ ገጽ «ውሻ» ብላችሁ ክፈቱ፤ አምስቱን መስመሮች በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ሙሉ። የክትባት ቀኑ ቦታ ባዶ ከሆነ ውሻው መተማ ይቅር፤ መንጋው ያለ እሱ ይሻገር።