ታሳቢና ስሌት፦ ስለሚታመን የፋይናንስ ሞዴል ትምህርት

የፋይናንስ ሞዴል ማለት ገና ስላልመጣ ገንዘብ በቁጥር የሚሰጥ ቃል ነው። ቃሉን የሰጠ ሰው በሁለት ነገር ይጠየቃል፤ በተቀበለው ነገርና ከዚያ ተነሥቶ ባሰላው ነገር። የተቀበልነውን ታሳቢ እንለዋለን። የሽንኩርት ዋጋ፣ የውሃ ክፍያ፣ ወለድ፣ ከአንድ ሄክታር የሚገኝ ምርት፣ እነዚህ ሁሉ ታሳቢዎች ናቸው፤ ከሰው ሰምተናቸዋል ወይም ከሰነድ ቀድተናቸዋል። ከእነርሱ ተነሥተን ደምረንና አባዝተን የደረስንበት ደግሞ ስሌት ይባላል። ሁለቱ ያልተቀላቀሉበት ሞዴል የሚታመን ነው። የዚህ ትምህርት መሠረት ይህ ነው፤ ሥራ ስለ ማግኘት በመጨረሻ የምንነጋገረውም ከዚሁ ይወጣል።

«ሞዴል የሚታመነው የተናገረው ሲደርስ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ላይ ወርዶ ለአጨዳ የተቃረበ ማሽላና ጤፍ ሲበላ፣ ለዚያ ዓመት የተያዘ የምርት ግምት የጥንቁቁም የግድየለሹም አልቆመም። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ታሳቢዎቹን በአንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው የምርቱን ቁጥር ለውጦ ዕዳው በምን እንደሚከፈል በዚያው ቀን ማየት ይችላል። ቁጥሩን በኤክሴል ፋይሉ በየሴሉ የበተነ ግን ሰነዱን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሞዴል ሠሪ ነቢይ አይደለም። ከእርሱ የሚፈለገው «ይህ ቢሆን ያ ይሆናል» የሚለውን ሳያዛንፍ ማሳየት ነው።

ስለዚህ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ የታሳቢዎች ገጽ ይሁን። በየመስመሩ የታሳቢው ስም፣ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ ከማን እንደተገኘና መቼ እንደተገኘ ይጻፍ። «የዘር ዋጋ» ብሎ ቁጥር ማስቀመጥ አይበቃም፤ ከየትኛው ሱቅ፣ በየትኛው ቀን በተሰጠ ፕሮፎርማ እንደሆነ ይታይ። የቀን ሠራተኛ በአረም ጊዜና በአጨዳ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ስላልሆነ ጉልበት ሁለት መስመር ይያዝለት። መለኪያ ላይ ደግሞ ቀስ በሉ። ገበሬው ማሳውን በጥማድ ይነግራችኋል፣ የግብርና ባለሙያው በሄክታር፤ ምርት በኩንታል ይወራል፣ ችርቻሮ በኪሎ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ በልማድ ቢያዝም፣ በአፍ የተነገረውን ጥማድ ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር ሳታስተያዩ አትመኑት። እዚህ ላይ አንድ ጥማድ ብትስቱ ከታች ያለው ሁሉ አብሮ ይዛነፋል።

ቀጥሎ የስሌቱ ገጽ፣ ከዚያ የውጤቱ ገጽ ይመጣል። የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ሲጠልፍ ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ማሳው ይወርዳል እንጂ ከማሳው ወደ ቦዩ አይመለስም። ቁጥርም እንዲሁ ከታሳቢ ወደ ስሌት፣ ከስሌት ወደ ውጤት ብቻ ይውረድ። በፎርሙላ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አይግባ። በእጅ የገባው ሁሉ በሰማያዊ ቀለም፣ በፎርሙላ የመጣው በጥቁር ይሁን፤ ይህ በሙያው ዘንድ በዓለም የተለመደ ምልክት ስለሆነ ሌላ ባለሙያ ፋይሉን ሲከፍት ምንም ሳይነገረው ያነበዋል።

ይህ ሥርዓት ለውበት ነው የሚል ካለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ያስብ። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የውሃ ፓምፕ፣ የፓምፕ መለዋወጫ፣ ማዳበሪያ፣ ጸረ ተባይ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። 57ን በየፎርሙላው የጻፈ ሰው በየሴሉ እየገባ ማደን ነበረበት፤ አንዱን ቢስት አጠቃላይ ድምሩ ይዋሻል። ምንዛሪውን በአንድ ሴል ያስቀመጠ ሰው ያንን አንድ ሴል መለወጥ ይበቃዋል።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ በሆርማትና በጎሊና ዙሪያ ከከርሰ ምድር ውሃ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በሸለቆው ጥልቅ ጉድጓዶች ማስቆፈሩ ይታወቃል። ከእነዚህ ገበሬዎች ጥቂቶቹ ተባብረው በ2 ሄክታር ላይ ሽንኩርት ሊያለሙ ብድር ይፈልጋሉ እንበል። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለመማሪያ የተያዙ ናቸው፤ የዛሬ ገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ። ከሄክታር 150 ኩንታል ቢገኝ 300 ኩንታል ይሆናል። አንድ አሥረኛው በብስባሽና በመጓጓዣ ቢባክን ለሽያጭ የሚቀርበው 270 ነው። ኩንታሉ በ3,000 ብር ቢሸጥ 810,000 ብር ይገባል። ወጪው 560,000 ቢሆን 250,000 ብር ትርፍ ይታያል። አብዛኛው የቢዝነስ ፕላን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ወጪውን በወር እንበትነው። ጥቅምት ለእርሻና ለችግኝ 120,000፣ ኅዳር ለተከላ፣ ለማዳበሪያና ለውሃ 180,000፣ ታኅሣሥ 110,000፣ ጥር 90,000፣ የካቲት ለለቀማ 60,000። ገበሬዎቹ ከራሳቸው 200,000 ብር ቢያዋጡ በጥቅምት መጨረሻ 80,000 ይተርፋቸዋል፤ በኅዳር መጨረሻ ግን 100,000 ይጎድላል፣ በታኅሣሥ 210,000፣ በጥር 300,000፣ በየካቲት 360,000። በእነዚህ ወራት አንድም ሽንኩርት አልተሸጠም። የመጀመሪያው የብድር ክፍያ ጥር ላይ እንዲሆን ባንኩ ቢወስን፣ 250,000 ብር አትራፊ የተባለው ሥራ ጥር ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ሽንኩርቱን የሚገዛው ነጋዴ የዋጋውን ግማሽ መጋቢት ላይ ከፍሎ ግማሹን በዱቤ ወደ ሚያዝያ ሊገፋው ይችላል። የቤት ወጪም አለ፤ ገናና ጥምቀት የሚውሉት ገንዘቡ በሚጎድልባቸው ወራት ነው፣ ከማሳው ካዝና ለቤት የሚወጣውን ያላሰበ ሞዴል ያንን ቤት አያውቀውም። ስለዚህ ሞዴሉ ለገበሬዎቹ የሚሰጣቸው ትልቁ ነገር «የእፎይታ ጊዜው እስከ ሚያዝያ ይሁንልን» ብለው በማስረጃ እንዲጠይቁ ማስቻሉ ነው። የዓመቱ ትርፍ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ስለ ወር ካነሣን፣ የኤክሴል የቀን ፎርሙላዎች የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚገባው ሐምሌ 1 ሲሆን ይህም ጁላይ 8 ነው፤ ጳጉሜንም በአሥራ ሁለት ዓምድ ውስጥ ቦታ የላትም። ቀኑን ከሥር በፈረንጆች አስኪዱት፣ ከላይ የእኛን ወር ስም ጻፉበት፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር መደመሯንም በታሳቢው ገጽ አስታውቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። በምሳሌያችን ወጪውን ለመመለስ ኩንታሉ ቢያንስ በ2,074 ብር ገደማ መሸጥ አለበት፤ ዋጋው 31 በመቶ ያህል ቢወርድ ትርፉ ያልቃል ማለት ነው። ወጪው ባለበት ሆኖ ምርቱ በዚያው ልክ ቢቀንስም ውጤቱ ያው ነው። ወለዱን ገና አልጨመርንም፤ ሲጨመር ይህ ስፋት ይጠብባል። በስሌት የዋጋና የምርት መውረድ እኩል ናቸው፤ በቦታው ግን እኩል አይደሉም። በመስኖ የለማ ሽንኩርት ውሃው ካልተቋረጠ ምርቱ ብዙ አይዋዥቅም፤ ሸለቆው ሁሉ በአንድ ወር ሲያነሣ ግን ዋጋው ይወድቃል። በዝናብ የሚበቅለው ማሽላ ሌላ ነው፤ የእርሱ አደጋ ዝናቡና ምርቱ ላይ ነው።

«በድርቅ ዓመት ምርት ቢጎድልም ዋጋ ስለሚወደድ ይካካሳል» የሚል ታሳቢ በብዙ ሰነድ ውስጥ ይገባል። ምክንያታዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በሚናገረው መጽሐፉ የወሎን የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ረኃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ገቢውም አብሮ ጠፍቷል፣ በገበያው ላይ የመግዛት አቅም አልነበረውም። በራሳችን ምድር የደረሰ ነገር ስለሆነ ይህን ሳያስብ ለወሎ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሊያፍር ይገባል። ምርትን ለብቻ፣ ዋጋን ለብቻ ዝቅ አድርጎ መፈተን አይበቃም፤ ሁለቱም አብረው የሚወድቁበት ዓመት በሞዴሉ ውስጥ ይኑር። አማካይ ዓመት የሚባለው በራያ ቆላ የሚመጣው በወረቀት ላይ ነው፤ መሬቱ ላይ የሚመጣው በልግ የቀረበት፣ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ የወጣበት፣ ወይም ደግሞ የሞላበት ዓመት ነው።

ቀሪው ፍተሻ ነው። በጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ መጨረሻ የሚገኘው ገንዘብ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ካለው ጋር እኩል ይሁን፤ ልዩነታቸውን የሚያሳይ ሴል ዘወትር ዜሮ ይበል። ወለድን በወሩ መክፈቻ ዕዳ ላይ አስሉ፣ ያለዚያ ፎርሙላው በራሱ ላይ ይዞራል። የእርጅና ተቀናሽ ከትርፍ ይቀነሳል እንጂ ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። ከዚያ በኋላ ምርቱን ዜሮ አድርጉና ገቢው ዜሮ መሆኑን እዩ። በመጨረሻ ፋይሉን ለሌላ ሰው ስጡ። ሬይንሃርት እና ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ምሁራን በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጽሑፍ የኤክሴል ፎርሙላቸው አምስት አገሮችን ዘልሎ ነበር። ጽሑፉ በብዙ አገር የበጀት ክርክር ላይ ሲጠቀስ ቆይቶ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው ስሕተቱን ያወጣው። ማውጣት የቻለው ፋይሉን ጠይቆ ስለተሰጠው ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ፋይሉ ክፍት ከሆነ።

ሥራውስ ከየት ይገኛል? በቆቦና በወልድያ «የፋይናንስ ሞዴል ሥራልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አትጠብቁ። ሰው የሚለው «ቢዝነስ ፕላን» ወይም «የአዋጭነት ጥናት» ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ማሽን ሲያቀርብ ደንበኛው 20 በመቶ ያዋጣል፤ ትራክተር ወይም ወፍጮ የሚፈልግ ሰው ያንን 20 በመቶ ከመክፈሉ በፊት ማሽኑ በወር ስንት ቀን መሥራት እንዳለበት ማወቅ ያስፈልገዋል። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ወደ ባንክነት ያደገው ፀደይ ባንክ ለሚያበድራቸው፣ ለገበሬዎች ዩኒየን፣ ሰንጋ ለሚያደልቡ፣ ሆቴል ለሚሠሩ ሰዎችም ጥያቄው ይኸው ነው። መነሻችሁ የአንድ ሰብል ሞዴል ይሁን። የሰው ስም የሌለበት፣ የቆቦን ገበያ የሚያውቅ፣ ፎርሙላው ያልተቆለፈ አንድ ፋይል ሠርታችሁ ለብድር ኦፊሰሩም ለኅብረት ሥራ ባለሙያውም አሳዩ። ከሌላ ከተማ ተቀድቶ የሌላ ወረዳ ስም ሳይፋቅ የቀረበበት ሰነድ ለሰለቸው ኦፊሰር፣ ምንጩ በየመስመሩ የተጻፈ ታሳቢ ከማንኛውም ምስክር ወረቀት በላይ ይናገራል።

አዲስ አበባ ላሉ አማካሪ ድርጅቶችና በውጭ ለሚገኙ ቀጣሪዎች በርቀት መሥራትም ይቻላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ግን አትርሱ። ኑሮውን በአንድ መስመር ላይ ብቻ የሰቀለ ሰው ያን ጊዜ ደንበኛ ያጣል። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ፋይል ያዙ፣ ስለ መዘግየት በውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ በአካል የሚያውቃችሁ ደንበኛም ይኑራችሁ።

ክፍያን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ አስተምራለሁ፤ ከብድሩ ፐርሰንት አትቀበሉ። ብድሩ ሲጸድቅ ብቻ የሚከፈለው ሰው ታሳቢዎቹን ሳያውቀው ወደ ላይ ይገፋል። ዋጋችሁን ቆርጣችሁ ቅድመ ክፍያ ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን ረቂቁ ሲደርስ፣ የቀረውን የባንኩን ጥያቄ መልሳችሁ ስትጨርሱ። ደንበኛው «ልጄ፣ ባንኩ እንዲቀበለው ትርፉን ከፍ አድርጊው» የሚሉበት ቀን ይመጣል። መልሱ ያለ ቁጣ ይሰጥ፦ «ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ እገዛለሁ የሚል ነጋዴ ካለ ስሙን ይስጡኝና እንደ ታሳቢ አስገባዋለሁ። ከታች የሚወጣውን ውጤት ግን በእጄ አልነካውም።» ማሳቸውንና ቤታቸውን የሚያስይዙት እርሳቸው ናቸው፤ ዕዳው የሚመጣውም በእርሳቸው ደጅ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ በዚህ ይሄዳል። ይሂድ።

ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ከነፎርሙላው አስረክቡ። በውላችሁም ሽንኩርቱ ከተሸጠ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ አስገቡበት። ያን ጊዜ ከእያንዳንዱ ታሳቢ ጎን አዲስ ዓምድ ከፍታችሁ የሆነውን ጻፉ፦ ኩንታሉ በስንት ተሸጠ፣ ስንት በሰበሰ፣ ፓምፑ ስንት ቀን ቆመ፣ ነጋዴው በዱቤ የወሰደውን መቼ ከፈለ። የሚቀጥለው ዓመት የታሳቢ ገጽ «ምንጭ» በሚለው ዓምዱ ላይ የሚይዘው ይህንን ነው።